ከወንፊቱ ሥር

ተረት ተረት ሲባል «የላም በረት» ተብሎ ይመለሳል። የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለውም፤ ግጦሽ ግን አለው። ግጦሹ ከዳህላክ ደሴቶች ቁልቁል እስከ ባብ ኤል መንደብ ባለው የቀይ ባሕር ውኃ ውስጥ ነው። ሣሩ በዓይን የማይታይ አልጌ ነው። የሚግጡትም ቁመታቸው ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማይበልጥ፣ ውኃው ወደወሰዳቸው የሚሄዱ ፍጥረታት ናቸው።

በዚያ ውኃ ውስጥ ቀዛፊዎች የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የባሕር ሊቃውንት ኮፔፖድ ይሏቸዋል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «መቅዘፊያ እግር» ስለሆነ፣ ቀዛፊ ስላቸው ስማቸውን አልነጠቅኋቸውም። ግንባራቸው መሃል አንዲት ትንሽ ዓይን አለቻቸው፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት እምብዛም አታልፍም። ገላቸው እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል፤ የበሉት በሆዳቸው ሲያልፍ ከውጭ ይታያል። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ለእኛ ውኃ ቀጭን ነው። የጤፍ ፍሬ ለሚያክል ፍጡር ግን ውኃ እንደ ማር የወፈረ ነው። እኛ እየዋኘን እጃችንን ብናሳርፍ ሰውነታችን ጥቂት ይንሸራተታል፤ ቀዛፊ ግን መቅዘፉን ባቆመበት ቅጽበት ባለበት ይገተራል። ስለዚህ ምግቡን እያባረረ አይሮጥም። በአፉ ዙሪያ ያሉትን ትንንሽ እግሮች እያርገበገበ ውኃውን ወደ ራሱ ይስባል። አልጌዋ ከመድረሷ በፊት ሽታዋ ይደርሳል። ያን ጊዜ ፀጉራም እግሮቹን ይከፍትና ይይዛታል፤ ያገላብጣታል፤ ከጣመችው ይውጣታል፣ ካልጣመችው ይለቃታል። የቀዛፊ ወንፊት እነዚያ ፀጉሮች ናቸው። ወንፊቱም ልክ አለው። ከ5 ማይክሮሜትር ያነሰ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሾልኮ ያልፋል፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

የቀዛፊዎች ጥበብ ሁሉ ከዚህ ወንፊት የተቀዳ ነበር። ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ «ፀጉራችን የያዘው አለ፤ ፀጉራችን ያልያዘው የለም» ይሉ ነበር። ባሕሩ ሲጠግብ ይህ ትምህርት ማንንም አልጎዳም። ነፋሱ ከደቡብ ነፍሶ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ውኃ በጠባቡ በር ሲያስገባ፣ ከመስታወት በተሠራ ሣጥን ውስጥ የሚኖሩት ዲያቶም የሚባሉት አልጌዎች ይፈላሉ። እነርሱ ለቀዛፊ ፀጉር የተፈጠሩ ይመስል ልክ ናቸው። ቀዛፊዎችም በልተው ይወፍራሉ፤ ዓሦች ቀዛፊዎችን በልተው ይወፍራሉ፤ በጅቡቲ ባለው የታጁራ ባሕረ ሰላጤም ከዓሦች ሁሉ ግዙፍ የሆነው የዓሣ ነባሪ ሻርክ አፉን ከፍቶ በመካከላቸው ያልፋል። «ባሕሩን የምንመግበው እኛ ነን» ይሉ ነበር ቀዛፊዎች፤ ውሸትም አልነበረም። ግማሽ እውነት ነበር።

ሸንጎአቸው በሌሊት ነበር የሚቀመጠው። ቀን ቀን ዓይን ያለው ዓሣ እንዳያያቸው ወደ ጨለማው ጥልቅ ይወርዳሉ፤ ጀምበር ስትጠልቅ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ይወርዳሉ። በዓለም ባሕሮች ሁሉ በየዕለቱ የሚደረግ ጉዞ ነው፤ በምድር ላይ በብዛቱ የሚወዳደረው የእንስሳት ፍልሰት የለም። የሸንጎው ዳኛ አባ መዝን የሚባል ሽማግሌ ነበር። ሥራው መቁጠርና መመዘን ነበር፤ ማን እንዳለ፣ ስንት እንዳለ፣ ለማን ምን እንደሚገባ። ሐቀኛ ሽማግሌ ነበር። የሚቆጥረውን አይሰርቅም፣ አይጨምርም። የሚቆጥርበትን ወንፊት ግን አንድም ቀን ጠርጥሮት አያውቅም።

አንድ ዓመት የደቡቡና የሰሜኑ ነፋሳት ተራ በሚለዋወጡበት ሰሞን ነፋሱ አንቀላፋ፤ እንቅልፉም ረዘመ። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስበት ወንዝ የለውም፤ ፀሐይዋ በየዓመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ውኃውን ወደ ሰማይ ትመጥጣለች። ላይኛው ውኃ ሞቆ፣ ቀልሎ፣ በታችኛው ቀዝቃዛ ውኃ ላይ እንደ ክዳን ተከደነ። የአልጌ ምግብ የሚሆነው ማዳበሪያ ከክዳኑ በታች ቀረ። ባለ መስታወቶቹ ሣጥናቸውን ይዘው ወደ ጥልቁ ሰመጡ። ባሕሩ ጠራ፤ እጅግ ያማረ ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊ ባሕር ለተመልካች ውበት ነው። ለቀዛፊ ግን ባዶ ሞሰብ ነው።

ያን ሰሞን በውኃው ገጽ ላይ ቀይ ነዶ ወጣ። እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች ተጠቅልለው ነዶ ይሆናሉ፤ ነዶዎቹ ተሰብስበው ባሕሩን ማይሎች ድረስ ያለብሱታል። መርከበኞች የባሕር ሰጋቱራ ይሉታል። ኤረንበርግ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1823 በሲና ጠረፍ በቶር ወደብ ውኃውን አቅልቶ አይቶታል፤ የባሕሩም ስም ከዚህ ሳይመጣ አልቀረም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ቀዛፊዎች ነዶውን ባዩ ጊዜ እልል አሉ። ቀርበው ሲቀምሱት ግን መራራ ሆነባቸው፤ ለብዙዎቹም መርዝ ነው። ከወገናቸው መካከል አንዲት ቀጭን ነገድ ብቻ ትበላዋለች፤ መዋኘት የማይችሉ ሕፃናቷንም በዚያው ክር ላይ አሳፍራ ታሳድጋለች። የቀሩት በሙሉ ጎተራ አጠገብ ተራቡ። የሚያምር መከር ሁሉ እንጀራ አይሆንም፤ ይህን ደጋው ላይ ያለ ገበሬም ያውቀዋል።

ረሃቡ ሲጠና ሸንጎው ተጠራ።

«ወገኖቼ» አለ ጎርፉ የሚባል ጎልማሳ ቀዛፊ፣ ድምፁ ከሁሉ የሚሰማ፤ «ሣራችን የት ሄደ? እኔ የት እንደሄደ አውቃለሁ። በመካከላችን የማይቆጠሩ አሉ። ባለ ሽፋሽፍቶች ናቸው።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ባለ ሽፋሽፍት የሚባሉት ከቀዛፊ ሃያ ሠላሳ እጅ ያነሱ፣ አንዲት ነጠላ ሕዋስ ብቻ የሆኑ ፍጥረታት ናቸው። ዙሪያቸውን እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ያለ ጸጉር አላቸው፤ በእርሱ እየተሽከረከሩ ይዋኛሉ፣ በእርሱም ምግብ ወደ አፋቸው ይጠርጋሉ። ከእነርሱ መካከል የታወቁት ሸክላ ሠሪዎቹ ነበሩ። እያንዳንዳቸው ገንቦ የመሰለ ቤት ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ከራሳቸው ገላ ብቻ፣ አንዳንዶቹ አሸዋና የዲያቶም የመስታወት ስባሪ ለጥፈውበት። በገንቦው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሽፋሽፍታቸው ብቻ ከአፉ ብቅ ይላል።

«እነዚህ» አለ ጎርፉ፣ «ሽፋሽፍት አላቸው፤ ዓይን ግን የላቸውም። ዓይን የሌለው ሽፋሽፍት የት ታያችሁ? ዓይናቸው የተደበቀ ነው። ሣራችንን በዓይናቸው ነው የሚበሉት።»

ይህን ክስ አንባቢ ከየት እንዳመጣሁት የሚጠይቀኝ አይመስለኝም። የሸክላ ሠሪዋን ማሰሮ ገዝተን፣ በማሰሮዋ የተሠራውን ወጥ በልተን፣ እርሷን ግን ከደጃፍ የመለስንበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ቀጥቃጩ በሳለው ማረሻ አርሰን ከእርሱ ጋር ላለመጋባት ዘር ቆጥረናል። ሸማኔው የሠራውን ነጠላ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ስለ ሸማኔው የተናገርነውን አምላክ ሰምቶታል። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ተረቱን የጀመርኩትም ስለዚህ ነው።

አባ መዝን መዝገቡን አገላበጠ። ባለ ሽፋሽፍት በቁጥር አልተገኙም፤ የቆጣሪዎቹ ፀጉር ለቆጠራ ብሎ ይዟቸው አያውቅም ነበርና። «በመዝገብ የሌለ» አለ፣ «መብት የለውም።» ክፋት ብሎ አልተናገረውም። ሒሳቡን ነው የተናገረው። ሸንጎውም ባለ ሽፋሽፍት በተገኘበት ይጥፋ ብሎ ፈረደ።

ሦስት ሌሊት አሳደዷቸው። ባለ ሽፋሽፍት ሲሸሽ ይዘላል፣ ይሽከረከራል፤ ቀዛፊ ግን የውኃውን ንዝረት በረጅሙ አንቴናው ይሰማዋል። ገንቦዎች ተሰበሩ። ሦስቱን ሌሊት ቀዛፊዎች ጠግበው አደሩ። «አያችሁ!» አለ ጎርፉ፤ «ሌባው ሲጠፋ ጥጋብ መጣ።» ያጠገባቸው ምን እንደነበር የጠየቀ አልነበረም።

በአራተኛው ሌሊት ውኃው ባዶ ሆነ። በአምስተኛው ጎርፉ ራሱ መቅዘፍ አቃተው።

በሸንጎው ጠርዝ ጠብታ የምትባል ልጅ ነበረች። ቀዛፊ ለአካለ መጠን እስኪደርስ አሥራ አንድ ጊዜ ቆዳውን ይገፋል፤ ጠብታ አሥሩን ጨርሳ አንዱ ቀርቷት ነበር። ለመጨረሻው የሚሆን ኃይል ግን ከየት ይምጣ? በስድስተኛው ሌሊት መቅዘፏን ተወች። ባለችበትም ቆመች፤ ማር በሆነው ውኃ ውስጥ ቀስ እያለች ትወርድ ጀመር። ስትወርድ አንድ ለስላሳ ነገር ተቀበላት።

ቤት ነበር። ከንፍጥ የተሠራ፣ እንደ ሐር የሳሳ፣ በውስጡ ሥራው የሚደንቅ ማጥለያ ያለው ቤት። የእትዬ ጎጆ ቤት ነው። እትዬ ጎጆ ቀዛፊ አይደሉም፤ ራስና ጅራት ብቻ ያላቸው፣ ቤት ሠርተው በቤታቸው ውስጥ የሚንሳፈፉ ናቸው። ጅራታቸውን እያወዛወዙ ውኃውን በቤቱ ውስጥ ያሳልፋሉ፤ ማጥለያው ከማንም ወንፊት የደቀቀ ነው። ማጥለያው ሲደፈን ቤቱን ጥለው ይወጣሉ፤ ወዲያው ሌላ ይሠራሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ቤት ይጥላሉ። የተጣለው ቤት እንደ በረዶ ብናኝ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ የተራበ ያገኘው እንደሆነ ይቀመጥበታል፣ ይበላዋል።

ጠብታ ላሰች። ጣማት። ከዚያ በአንቴናዋ ዳሰሰች፤ በግድግዳው ላይ ነገር አለ። ፍሬ ነው፤ ግን ይህን ያህል የደቀቀ ፍሬ ቀምሳ አታውቅም። አሥር አይደለም፣ መቶ አይደለም። ግድግዳው ሁሉ እርሱ ነው።

«እትዬ» አለች፣ ከላይ አዲስ ቤት የሚነፉትን አይታ፤ «ይህ በቤትዎ የተለጠፈው ምንድን ነው?»

«ትቢያ ነው፣ ልጄ።»

«ከየት አመጡት?»

«ከየትም አላመጣሁት። ያለሽበት ውኃ ነው። ስትስቢው በፀጉርሽ መካከል ያልፋል እንጂ ቀንና ሌሊት በላይሽ ላይ ነው።»

«ባዶ ነው ሲሉን!»

«ባዶ ባሕር አይቼ አላውቅም» አሉ እትዬ ጎጆ። «ደቃቅ ማጥለያ ያጣ ሰው ነው ያየሁት።»

እዚህ ላይ ተረቱን ላቆመው፤ ይህን ስሕተት የሰው ልጅም በእውን ሠርቶታልና። ቪክቶር ሄንሰን የሚባል የጀርመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1887 በባሕር ለሚንሳፈፉት ፍጥረታት «ፕላንክተን» የሚል ስም አወጣላቸው፤ በግሪክ ተንከራታች እንደማለት ነው። በ1889 ናሲዮናል በምትባል መርከብ አትላንቲክ ውቅያኖስን እየዞረ ሊቆጥራቸው ወጣ። መረቡ የተሠራው ባለ ወፍጮዎች ዱቄት ከሚነፉበት የሐር ጨርቅ ነበር። ስለዚህ ጨርቅ ባነበብኩ ቁጥር እናቶቻችን ትዝ ይሉኛል። እናት ዱቄት ስትነፋ የምትፈልገው ከወንፊቱ ሥር የወደቀውን ነው፤ ላይ የቀረው ገለባና ያልደቀቀ ነው። ሄንሰን ግን በወንፊቱ ላይ የቀረውን ቆጥሮ ዱቄቱን ለባሕር መለሰው።

ዱቄቱ እንዳለ ያሳየው ሌላው ጀርመናዊ ሃንስ ሎማን ነው፤ ያሳየበትም መሣሪያ የእትዬ ጎጆ ቤት ነበር። ሰው የሠራው መረብ የማይዘውን፣ ያቺ ትንሽ ፍጡር በሠራችው ማጥለያ ላይ ተለጥፎ አገኘው። በ1911 ናኖፕላንክተን ብሎ ሰየመው። ከሁሉ የደቀቀው ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ቆየ። ፕሮክሎሮኮከስ የሚባለው፣ ስፋቱ 0.6 ማይክሮሜትር ያህል የሆነው፣ ከ1,500 በላይ ሆኖ ቢሰለፍ አንዲት የጤፍ ፍሬ የማያልፈው፣ በሳሊ ቺዝም እና በባልደረቦቿ ለዓለም የተነገረው በ1988 ነው። ከሄንሰን ስያሜ መቶ ዓመት አልፎ ነበር። በሞቃት ባሕር አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ እስከ 100,000 ይደርሳል፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ከሚሠሩት ፍጥረታት ሁሉ በምድር ላይ በቁጥር የሚበልጠው የለም ተብሎ ይታመናል። መቶ ዓመት ሙሉ በመረቡ ቀዳዳ ሲፈስስ ኖረ።

እንግዲህ ወደ ጠብታ።

ልጅቱ ቤቱን አቅፋ ወደ ሸንጎው ወጣች። እትዬ ጎጆም ተከትለዋት መጡ። ሸንጎው ደክሞ ነበር፤ ብዙዎቹ ዝም ብለው ይወርዱ ነበር። ጠብታ የተጣለውን ቤት በአባ መዝን ፊት አኖረች።

«አባባ፣ ይዳስሱት።»

አባ መዝን ዳሰሰ። ቆጣሪ ነውና መቁጠር ጀመረ። ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ ተወው።

«ይህ ሁሉ ካለ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ለምን ይርበናል?»

«ስለማትይዙት ነዋ» አሉ እትዬ ጎጆ። «የእናንተ ፀጉር ለዚህ አልተሠራም፤ አምላክ ለሌላ ሥራ ነው የሠራው። ትቢያውን የሚይዘው ባለ ጅራፍ ነው፤ ለእናንተ የማይታይ፣ በጅራፉ የሚዋኝ ትንሽ ፍጡር። እርሱንም ከእናንተ ጥቂቶች ናቸው የሚይዙት። ባለ ጅራፉን የሚይዘው ባለ ሽፋሽፍት ነው። ባለ ሽፋሽፍቱን ደግሞ…» ዝም አሉ። በሸንጎ የተፈረደበትን ስም መጥራት ከበዳቸው።

«ደግሞ ማን ይይዘዋል?» አለ ጎርፉ።

ያን ጊዜ ነው ብርሃን የበራው። በሞቃት ባሕር ሲነኩ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡ አልጌዎች አሉ፤ ሌሊት ጀልባ ሲያልፍ ወይም ዓሣ ሲገለበጥ ባሕሩ የሚበራው በእነርሱ ነው። አንድ ትልቅ ነገር ከሥር አለፈና ውኃው ተናወጠ፤ ለአንድ ቅጽበት ሸንጎው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። የቀዛፊ ገላ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ነው ብያለሁ። ያችው አንዲት ዓይናቸው በመላ ሕይወቷ ያላየችውን በዚያ ሌሊት አየች ይላል ተረቱ። በጎርፉ ሆድ ውስጥ የገንቦ ስባሪ ነበረ። በአጠገቡ ባለው ሆድም ነበረ። በአባ መዝን ሆድም ነበረ፤ የተፈጨ ገንቦ፣ አፉ ሳይሰበር የቀረ ትንሽ ገንቦ። በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች የተበላ ብቻ አልነበረም። ከአንጀታቸው የወጣው፣ ከኋላቸው ወደ ጥልቁ የሚወርደው እንክብል ሁሉ በዘመናቸው ሙሉ የገንቦ ስባሪ የተሸከመ ነበር።

ማንም አልተናገረም። ብርሃኑ ጠፋ።

ይህ እንግዲህ ከተረቱ ውጭም እውነት ነው። አልበርት ካልቤት እና ማይክል ላንድሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ከዓለም ባሕሮች የተሰበሰበውን ልኬት አገናዝበው ነበር። በየቀኑ ከሚበቅለው አልጌ በአማካይ ሁለት ሦስተኛ ገደማውን የሚበሉት እነዚያ ባለ ነጠላ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ በሞቃት ባሕሮች ደግሞ ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋል። የጤፍ ፍሬ የሚያክሉት ቀዛፊዎች በቀጥታ የሚበሉት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሣር በጠፋበት ሰማያዊ ውኃ ቀዛፊ የሚኖረው በአብዛኛው ባለ ሽፋሽፍትን በልቶ ነው። ባለ ሽፋሽፍትም ሲበላ የሚያስወጣው ለትቢያው ፍግ ይሆናል፤ ክዳኑ ተከድኖ ከታች ማዳበሪያ በማይወጣበት ጊዜ ማሳው የሚለማው በዚህ ፍግ ነው።

ተረቱ እዚህ ላይ ያስቸግረኛል። ቀዛፊ ባለ ሽፋሽፍትን ከመብላት ሌላ መንገድ የለውም፤ ባሕሩ የተሠራው እንዲህ ነው። ሰው ግን ቀዛፊ አይደለም። ቢሆንም እህላችን፣ ልብሳችን፣ የምንገባበት ጎጆ በስንት ሰው ጉልበት አልፎ እንደሚደርሰን ለማየት የእኛም ሆድ ብርሃን ቢያሳልፍ ብዬ እመኛለሁ። አንድ ሌሊት ብቻ ይበቃ ነበር።

የሸንጎውን ዝምታ የሰበረው ከታች የመጣ ድምፅ ነው። ከስደቱ የተረፈች ገንቦ የምትባል ባለ ሽፋሽፍት ነበረች፤ አፉ የተሸረፈ ቤቷ ውስጥ ሆና ትሽከረከር ነበር።

«እንደምትበሉን እናውቃለን» አለች። «እናቶቻችንም ያውቁ ነበር። እናንተ ስትመጡ እንዘላለን፤ ያመለጠው ያመልጣል፣ ያላመለጠው ይበላል። እኛም ባለ ጅራፉን እንደዚሁ እናደርገዋለን። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ግን እየበላችሁን የላችሁም አላችሁን። ይኸ ነው ያልገባን።»

አባ መዝን ለመመለስ አፉን ከፈተ፤ ቃል አላገኘም። መዝገቡን ለጠብታ ዘረጋላት። «አንቺ ያዢው፣ ልጄ» አለ። «የእኔ ፀጉር ሸብቷል።» ሊነጋጋ ሲል ሁሉም ወደ ጨለማው ወረዱ፤ አባ መዝን ከወረደበት አልተመለሰም። ጎርፉ ተመለሰ። በሸንጎ ግን ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ቃል አልተናገረም።

ባለ ሽፋሽፍት ለመመለስ ጊዜ አይፈጅባቸውም። እናት አታረጅም፤ ለሁለት ተከፍላ ሁለት ልጅ ትሆናለች፣ ሁለቱ አራት። ገንቦም ተከፈለች፤ አንደኛዋ የተሸረፈውን ቤት ወረሰች፣ ሌላይቱ አዲስ ሠራች። ባለ ጅራፍ ሞልቶ ይጠብቃቸው ነበርና በጥቂት ቀን ውስጥ ውኃው እንደገና በሽፋሽፍት ተንቀሳቀሰ። ቀዛፊዎችም ጥቂት ጥቂት እየበሉ ነፍስ ዘሩ።

ከዚያ ሰኔ ገባ። ደጋው ላይ ክረምት በሚይዝበት በዚያው ሰሞን ቀይ ባሕርም ክረምቱ ይመጣለታል፤ የእርሱ ክረምት ግን ከሰማይ አይወርድም፣ ከሥር ይገባል። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የመጣ ቀዝቃዛ፣ ማዳበሪያ የተሸከመ ውኃ በባብ ኤል መንደብ በር ከሞቃቱ ውኃ ሥር ሥሩን ሾልኮ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ባለ መስታወቶቹ ሣጥናቸውን ይዘው ተነሡ። ባሕሩ ሰማያዊነቱን ጥሎ አረንጓዴ ለበሰ። ቀዛፊዎች ጠገቡ፤ እንቁላላቸውን ጣሉ፤ ሕፃናቱ እንደ ጉም ፈሰሱ።

የጠገበ ሸንጎ ይረሳል። «ሣጥን ሞልቷል» አሉ አንዳንዶቹ፤ «አሁን ገንቦ ምን ይሠራልናል?» አዲስ የተወለዱት ደግሞ ያን ሰማያዊ ሌሊት አላዩትም። ጠብታ ግን የመጨረሻውን ቆዳዋን ገፍታ ነበር። ለአካለ መጠን የደረሰችበት ሌሊት የቆጠራ ሌሊት ሆነ።

ቆጠራው እንደ ወትሮው ከትልልቆቹ ጀመረ። ጠብታ ቆጥራ ስትጨርስ፣ መዝገቡ ይዘጋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ አልዘጋችውም። ከሸንጎው ወጥታ ማንም ቆጣሪ ሄዶበት ወደማያውቀው ወደ ጠርዙ ቀዘፈች። እየቀዘፈች ስትሄድ አፏ ዙሪያ ያሉት እግሮች እንደ ልማዳቸው ውኃውን ይስቡ ነበር። ሽታ መጣላት። የሚጣፍጥ ሽታ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው፣ ስሙን ግን ጠይቃው የማታውቀው። ከሽታው በኋላ አንዲት ትንሽ ቤት፣ አፏ የተሸረፈ፣ እየተሽከረከረች በጅረቱ ተስባ መጣች። ቀረበች። የጠብታ ፀጉር ሊከፈት ትንሽ ቀረው።

ጠብታ እግሮቿን አቆመች። ማር በሆነው ውኃ ውስጥ ሁሉም ነገር ባለበት ቆመ፤ እርሷም፣ ጅረቱም፣ ቤቲቱም።

«ስምሽ ማን ነው?» አለቻት።

ትንሿ አልሸሸችም፤ አልዘለለችም። እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም ነበር።

«ገንቦ» አለች።

ጠብታ መዝገቡን ገልጣ ባዶው ገጽ ላይ «አንድ» ብላ ጀመረች።